ወፍራሙ ጎን ወደ ፊት

ቃለ ጉባኤ የማይያዝበት መሥሪያ ቤት አጥር እንደሌለው ግቢ ነው፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ አይታወቅም። እኔ በመሥሪያ ቤታችን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ። በእነዚህ ዓመታት ሳይወሰን የተሠራ አንድም ሥራ የለም። ተወስኖ ያልተሠራውን መቁጠር ደግሞ የኔ ድርሻ አይደለም። የታኮውን ጉዳይ ሰው ሁሉ አፉ እንዳመጣለት ስለሚያወራው፣ የሆነውን እንደሆነ፣ ለኃላፊያችን ከሚገባው አክብሮት ጋር አስቀምጠዋለሁ።

መሥሪያ ቤታችን የከተማው የመዝናኛ ቦታዎች ጽሕፈት ቤት ነው። ኃላፊያችን አርቀው የሚያዩ ሰው ናቸው። ንግግራቸው በ"ወደ ፊት" ተጀምሮ በ"ወደ ፊት" ስለሚያልቅ ሠራተኛው በሌሉበት ጋሽ ወደፊት ይላቸዋል፤ በፍቅር ነው። በመናፈሻው ቁልቁለት ላይ የስኬትቦርድ መንገድ ያሠሩት እሳቸው ናቸው። መንገዱ ከላይ ቀጥ ብሎ ይወርድና ኩሬው አፋፍ ላይ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል። በምረቃው ቀን ከበላይ የሚመጡ እንግዶች ስለሚገኙ፣ የመጀመሪያውን ስኬትቦርድ ራሳቸው ሊነዱ ወሰኑ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ስምንት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር በተውሶ ስኬትቦርድ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊውን ትከሻ ተደግፈው ተለማመዱ። ባለጉዳዩም በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ግድግዳ ተጠግቶ እንዲያልፍ በማስታወቂያ ተነግሮታል።

የመጀመሪያው እንቅፋት የቃል ነበር። ከስኬትቦርዱ ሰሌዳ ሥር ጎማዎቹን የሚይዘው ብረት በሙያው ቋንቋ ትራክ ይባላል። ለአሥር ሰሌዳ ሃያ ትራክ ታዘዘ። የጥበቃ ኃላፊው "ሃያ ትራክ ስለሚገባ ትብብር ይደረግ" የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው ሁለቱንም የብረት በሮች ወለል አድርጎ ከፈተ፣ በግቢው የቆሙትን መኪናዎች አስወጣ፣ አበባዎቹን በገመድ አጠረ። ትራኮቹ ከሰዓት በኋላ በካርቶን ሆነው፣ በአንድ ተሸካሚ ትከሻ ላይ ገቡ። ጥበቃው ፈርሞ ከተረከበ በኋላም እስከ ሥራ መውጫ ድረስ በሩን አልዘጋም።

ዕቃውን የምትገጣጥመው የጥገና ባለሙያችን ናት፤ እትዬ ብሎን እንላታለን። ስድስት ዓመት በኮንትራት ሠርታለች። ቋሚ የሚያደርጋት ደብዳቤ ተጽፎ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ይጠብቃል። ከተፈረመ እሷም ሁለት ልጆቿም እፎይ ይላሉ፤ ካልተፈረመ በወሩ መጨረሻ መፍቻዋን ይዛ ትወጣለች። ኃላፊው "ምረቃው ይለፍና አየዋለሁ" ብለዋታል። ስለዚህ የሴትዮዋ እንጀራ በአሥር ሰሌዳ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ሊወርድ ነው ማለት ነው።

እትዬ ብሎን አንዱን ሰሌዳ ገጥማ ስትሞክረው ደረቅ ሆነባት። ሰሌዳውን በእግር ወደ ጎን ሲጫኑት ጎማው መዞር ነበረበት፤ እሱ ግን በግድ ነው የሚዞረው። ይህ ደግሞ መታጠፊያው ላይ አያዋጣም። መፍትሔው ታኮ እንደሆነ አስረዳች፦ አንዱ ጎኑ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን የሆነ ጠንካራ ጎማ በሰሌዳውና በትራኩ መካከል ይገባል፣ ትራኩ ያዘነብላል፣ ሰሌዳውም ይታዘዛል። ታኮ ሲገባ ብሎኑም መርዘም አለበት፤ በወፍራሙ በኩል ረጅም፣ በቀጭኑ በኩል አጠር ያለ።

ጉዳዩ ለኮሚቴ ቀረበ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ የአንድ ብሎን ርዝመት ለስድስት የኮሚቴ አባላት ተከፋፍሎ ጌጥ ሆነ። የሕግ አማካሪው ለአንዱ ጎን ረጅም፣ ለሌላው አጭር መስጠት ቅሬታ ሊያስነሣ እንደሚችል አሳሰበ። ብሎኖቹ ሁሉ እኩል ረጃጅም እንዲሆኑ ተወሰነ። እትዬ ብሎን በቀጭኑ በኩል የተረፈውን በመጋዝ ቆረጠችው። አርባው ቁራጭም "አጫጭር ብሎን፣ ራስ የሌለው" ተብሎ በንብረት መዝገብ ላይ ሰፈረ።

ከዚያ ታኮው ራሱ በጠረጴዛው ዙሪያ ከእጅ እጅ ዞረ። ኃላፊው መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት።

"ወፍራሙ ወዴት ነው የሚዞረው?" አሉ።

"ወደ መሃል" አለች እትዬ ብሎን። "የፊቱም የኋላውም ወፍራም ጎናቸው ወደ ሰሌዳው መሃል ይሆናል።"

"እንግዲያው የፊተኛው ወደ ኋላ ነው የሚያየው?"

"እንደዚያ ማለት ይቻላል።"

የንብረት ክፍል ኃላፊው ወንበሩን ከእሷ ትንሽ ራቅ አደረገ።

"እኔ በምመራው መሥሪያ ቤት" አሉ ኃላፊው በዝግታ፣ "ወደ ኋላ የሚያይ ነገር አይገጠምም።"

እትዬ ብሎን በትዕግሥት አስረዳች። ሁለቱም ወደ ፊት ካዩ የፊተኛው ትራክ ይደርቃል፣ የኋለኛው ይፈታል፤ ያኔ ኋላው ይመራል፣ ፊቱ ይከተላል፤ ፍጥነት ሲጨምር ሰሌዳው ይንቀጠቀጥና መታጠፊያው ላይ ሰው ይጥላል። ኃላፊው ፈገግ አሉ።

"ኋላው የሚመራ፣ ፊቱ የሚከተል ነገር የት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

እሷ በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጥነውን አንድ በአንድ አየችን። ዝምታዋ እንደ ስምምነት ተመዝግቧል።

ስትነሣ ግን አንድ ነገር ጠየቀች፦ ውሳኔው በጽሑፍ ይሰጠኝ አለች። ከልቤ ደስ አለኝ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ቃለ ጉባኤዬን የጠየቀኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ "በስኬትቦርዶቹ ላይ የሚገቡት ታኮዎች በሙሉ፣ የፊትና የኋላ ልዩነት ሳይደረግባቸው፣ ወፍራም ጎናቸው ወደ ፊት እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።" ኃላፊው ፈረሙበት፤ ማኅተምም አረፈበት።

በማግሥቱ አፈጻጸሙን ለመከታተል ወደ ጥገና ክፍል ወረድኩ። ሰሌዳውን በጀርባው አስተኝታ እየሠራች ነበር። አራቱን ዳዶ ትፈታለች፣ ትራኩን ታነሣለች፣ ታኮውን ቀዳዳ ለቀዳዳ አጋጥማ ታስገባለች፣ ብሎኑን አሳልፋ ዳዶውን ታስራለች። አንዱን ጥግ ትንሽ ታጠብቅና ወደ ተቃራኒው ጥግ ትሄዳለች፤ በአንድ በኩል ብቻ ከጠበቀ ታኮው ይሰነጠቃል አለችኝ። ወፍራሙ ጎን በሁለቱም ትራክ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ነበር። ውሳኔው ቃል በቃል ተፈጽሟል።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለችኝ ቀና ሳትል። "ውሳኔው የሰሌዳው ፊት የትኛው ጫፍ ነው ይላል?"

ገልጬ አየሁ። "አይልም።"

"ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ነው። ሰው እንዳይሳሳት 'ፊት' የሚል ተለጣፊ ጻፍልኝ።"

በደማቅ ፊደል አሥር አተምኩላት። አንዱን ወሰደችና ወፍራሙ ጎን ባየበት ጫፍ ሳይሆን በተቃራኒው ጫፍ ላይ ለጠፈችው። በዚህ ዓይነት የፊተኛው ትራክ ይታዘዛል፣ የኋለኛው ይደርቃል፤ እንደ መጀመሪያው ሐሳቧ ባይሆንም ሰው አይጥልም። አየኋት። ሆኖም በውሳኔው ላይ ስለ ተለጣፊ የተባለ ነገር ስለሌለ፣ ያልተጻፈ ነገር ማየት ከሥልጣኔ በላይ ሆኖ አገኘሁት። እውነቱን ለመናገር ግን ፈርቼላት ነበር። ኃላፊው ቢወድቁ ገጣሚዋ ናት የምትጠየቀው፤ ማታለሏ ቢታወቅም ያው እሷ ናት።

የምረቃው ቀን ደረሰ። እንግዶቹ በጥላ ሥር ተቀመጡ። ኃላፊው ለአርባ ደቂቃ ያህል ወደ ፊት ስለ መሄድ ተናገሩና ሰሌዳው ላይ ወጡ። "ፊት" የሚለውን አይተው በዚያ በኩል ዞሩ። ወረዱ። መታጠፊያው ላይ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ሲሉ ሰሌዳው እንደ ታዛዥ በቅሎ ዞረላቸው፣ ኩሬውን በቀኝ ትተው ሜዳው ላይ ቆሙ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እትዬ ብሎን ግን መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ደብዳቤው በዚያው ቀን ይፈረም ነበር።

ቪዲዮ አንሺው ግን የካሜራውን ክዳን ሳያነሣ ቀርቶ ኖሯል። ኃላፊው እንዲደግሙት በትሕትና ተጠየቁ። ሰሌዳው ወደ ላይ ሲመለስ የሕግ አማካሪው የውሳኔውን ቅጂ ይዞ ሰሌዳውን ገለበጠ። ታኮውን አየ፣ ተለጣፊውን አየ፣ እንደገና ታኮውን አየ።

"ክቡር ኃላፊ፣ እስካሁን የሄዱት ወደ ኋላ ነው" አላቸው።

የኃላፊው ፊት ጠቆረ። ተለጣፊው ተነሥቶ ወደ ትክክለኛው ቦታው እንዲመለስ አዘዙ። አማካሪው በጥፍሩ ልጦ፣ ምራቁን ቀብቶ በሌላው ጫፍ ለጠፈው። እትዬ ብሎን ወደ ፊት መጣች።

"ጋሼ፣ ይቅርብዎት። እንደ ቅድሙ ይውረዱ፤ ምንም አላስቸገረዎትም።"

"ከውሳኔው ውጪ ሆኖ ይህን ያህል ከሄደ፣ በውሳኔው መሠረት ሲሆን የት ሊደርስ ነው?" አሏት።

"ኩሬው ውስጥ።"

ኃላፊው ሰሌዳው ላይ ወጡ፣ ወረዱ። ግማሽ መንገድ ላይ ሰሌዳው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኋላው ወደ ግራ ሲል ፊቱ አይሰማም፣ ፊቱ ቀጥ ሲል ኋላው ሌላ ሐሳብ ያመጣል። ኃላፊያችን እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ድረስ ፊታቸውን ወደ ፊት እንዳደረጉ ነበር፤ ይህንን ሁላችንም መስክረናል። መታጠፊያው ወደ ግራ ሄደ፣ እሳቸው ቀጥ ብለው ወደ ፊት ሄዱ። በዚህ ጊዜ የካሜራው ክዳን ተነሥቶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። ሰብሳቢው የሕግ አማካሪው ነው። ኃላፊው እጃቸው በፋሻ ታስሮ፣ "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ብለው ስብሰባውን ከፈቱ፤ የኩሬውን ውሃ የቀመሰ ሰው ስለ ጥሩ ውሃ የመናገር መብት አለው። ሁሉም ሰው ገጣሚዋን ነበር የሚያየው። ሰሌዳው ጠረጴዛ ላይ ተገለበጠ፣ ቃለ ጉባኤዬም ተነበበ። ወፍራሙ ጎን ወደ ፊት ነው። ሁሉም ወደ ፊት ነው። ስለ ተለጣፊው አንድ አባል ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ ሆኖም በመጨረሻ የለጠፈው ሰብሳቢው ራሱ ስለሆነ አፉን መልሶ ዘጋው። እትዬ ብሎን ውሳኔን ያለ አንዳች ጉድለት የፈጸመች ብቸኛ ሠራተኛ ሆና ተገኘች። ኃላፊው በግራ እጃቸው ደብዳቤዋን ፈረሙ።

ጥፋተኛ ግን ያስፈልግ ነበር። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ስለሆነ ሊሳሳት አይችልም። ፈጻሚዋም አልተሳሳተችም። መታጠፊያው ለሁለት ሰዓት ያህል ተጠርጥሮ በመጨረሻ በነጻ ተለቀቀ። ያኔ የሕግ አማካሪው የነገሩን ሥር አገኘው፦ ውሳኔው በቃል ቢቀር ኖሮ ጊዜው ሲደርስ ማቃናት ይቻል ነበር፤ በመጻፉ ብቻ መሥሪያ ቤቱ ተገደደበት፤ ስለዚህ ኃላፊውን ኩሬ የከተታቸው ጽሑፉ ነው። ጸሐፊው ማነው? ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ከሥራ እንድሰናበት ሐሳብ ቀረበ። ስድስት እጅ ወጣ። የእትዬ ብሎን እጅ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ ቋሚ ሆና የመጀመሪያ ስብሰባዋ ነበር።

"ምነው፣ አትስማሚም?" አሏት ኃላፊው።

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ተለጣፊውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ ልትል እንደሆነ ገባኝ። የደብዳቤዋ ቀለም ገና አልደረቀም። ቀድሜያት እጄን አነሣሁ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ እያየችኝ የሷንም አነሣች። እኔም እንደ ልማዴ ብዕሬን አንሥቼ "በሙሉ ድምፅ" ብዬ ልጽፍ ስል ኃላፊው ጮኹብኝ።

"እንዳትጽፍ! ከዛሬ ጀምሮ በዚህ መሥሪያ ቤት ምንም ነገር አይጻፍም!"

አልጻፍኩም። ትእዛዝ አክባሪ ነኝ። በማግሥቱ ጠዋት እንደ ወትሮዬ ሥራ ገባሁ፤ ከሥራ የተሰናበትኩበትን ወረቀት አምጥቶ ያሳየኝ ሰው እስካሁን የለም። ቃለ ጉባኤ ስለቀረም ሰፊ ጊዜ አለኝ። ይህንን የጻፍኩት በሥራ ሰዓት ነው።