የጋሽ መስመር የጫማ ካርቶን

በየሕንፃው ሰላምታ ሲሰጡት ማብራሪያ የሚመልስ አንድ ሰው አይጠፋም። «እንደምን አደሩ?» ቢሉት የራሱን ደኅንነት ትቶ የፀሐይን ይናገራል። ፈጣሪ እንዲህ ያለውን ሰው ለየሕንፃው አንድ አንድ ብቻ ያደለው፣ ሁለት ቢሆኑ ነዋሪው ቤቱን ጥሎ እንደሚሰደድ ስለሚያውቅ ነው።

አንዲት ልብስ ሰፊ ለምትኖርበት ሕንፃ የደረሱት ጋሽ መስመር ነበሩ። ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ብርሃን ባዩ ቁጥር «መስመሩን አያችሁት?» ስለሚሉ፣ ምድር ቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ ይህን ስም አወጣላቸው። የክቡርነታቸው የማዕረግ ዕቃ የጫማ ካርቶን ነው። በአንድ ጎኑ በምላጭ የተቀደደች ቀጭን ስንጥቅ፣ በውስጡ ብርሃንን በየቀለሙ የሚበትን የተሰበረ ሲዲ፣ ከላይ የዓይን ማስጠጊያ ቀዳዳ አለው። ሊቁ ይህን ታቅፈው የሰው አምፖል ሲመረምሩ ይውላሉ። ጎረቤቱን «ምን በላችሁ?» ብለው አያውቁም፤ «ምን አበራችሁ?» ነው ጥያቄያቸው።

ልብስ ሰፊዋ ሦስተኛ ፎቅ ትኖራለች። ጣቃ ጨርቅ ተሸክማ ስትወጣ የሚይዟት ሁልጊዜ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ነው።

«የኔ ልጅ፣ በአቶም ውስጥ ያለው ኤሌክትሮን እንደኛ ደረጃ ይወጣል ይወርዳል። መካከል ላይ ግን በፍጹም አይቆምም! ሲወርድ በወረደው ልክ ብርሃን ይተፋል፤ ሲወጣ ያንኑ ልክ ይውጣል። የሃይድሮጅን ደረጃ ሌላ፣ የብረት ደረጃ ሌላ። የኮከብን ብርሃን በትነን መስመሩን ስናይ፣ እዚያ ቤት ማን እንደሚኖር እናውቃለን። ሳንሄድ!»

«ታድሎ!» አለች ክንዷ እየዛለ። «መካከል ላይ ገትሮ የሚያቆመው ጎረቤት የለውማ።»

ጋሽ መስመር ሽሙጥ አይገባቸውም። ሽሙጥ መስመር የለውማ።

አንድ ቀን ፀጉር ቤት ገብተው፣ ጋላክሲዎች ከእኛ እየራቁ ስለሆነ ብርሃናቸው ወደ ቀይ እንደሚያደላ አወጁ። አስተካካዩ መቀሱን አቆመና «ጋሼ፣ እርስዎ እንደሚመጡ ማን ነግሯቸው ነው የሚሸሹት?» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ከዚያ አገጩ ሳሙና የተቀባውን ደንበኛ፣ ማምለጫ እንደሌለው አይተው፣ ከአቶም ጀምረው አስረዱት።

ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ በላይ አዲስ ነጭ ፍሎረሰንት ያሰቀለች ጊዜማ ማን ጠራቸው? ካርቶናቸውን ይዘው ከተፍ አሉ።

«ይሄ መብራት ጎዶሎ ነው። ነይ እዪ፤ ቀለሞቹ ተኳርፈው ለየብቻቸው ቆመዋል። ይቺ አረንጓዴ የሜርኩሪ መስመር ናት። አየሽ፣ ቱቦውን ሳንሰብር የሆዱን አወቅን! ቀዩ ግን ሳስቷል። የጨርቅሽን ቀለም መስኮት ላይ አመሳክሪ።»

«መጋረጃ ከከፈትኩ ፀሐይ ጨርቁን ታደበዝዝብኛለች። ደግሞስ ጋሼ፣ እኔ ቀሚስ እንጂ ኮከብ አልሰፋም።»

«ለኮከቡም ለቀሚሱም ሕጉ አንድ ነው። ብርሃን አይዋሽም...»

«...የሌለውን ግን አይሰጥም» ብላ የዘወትር አባባላቸውን ጨረሰችላቸውና በሩን ከፈተችላቸው።

በዚያ ሰሞን የያዘችው ሥራ ቀላል አልነበረም፤ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የሚዜዎች ቀሚስ ነው። የሙሽራዋ እናት ሆቴል አላት። ቀሚሶቹ ካማሩላት የሆቴሉን ሠራተኞች ልብስ ለልብስ ሰፊዋ ልትሰጣት ቃል ገብታለች። የስፌት መኪናዋ ሥራ ፈትታ ለከረመች ሴት ይህ እንጀራ ነው። ለእጅጌው ጨርቅ ሲያጥራት ከሌላ ሱቅ ገዝታ፣ መብራቷ ሥር አስተያይታ፣ አንድ ነው ብላ ሰፋችው።

ቀሚሶቹን ሊወስዱ አንድ ቀን ሲቀር፣ ለመተኮስ ብላ፣ ሙቀቱ እንዲወጣ መጋረጃውን ገለጥ አደረገችው። ገላው ወይን ጠጅ፣ እጅጌው ጡብ! መተኮሻዋን አስቀመጠች። ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። ማን ይሆናል ታዲያ?

ጋሽ መስመር ቀሚሱን አዩ፣ መብራቱን አዩ፣ እሷን አዩ። «አላልኩም?» አሉ። ምን ይደረግ፣ ካላሉማ ያማቸዋል። ከዚያ ከገላው የተረፈች ቁራጭ አንስተው ምንም ሳያስረዱ ወጡ። ፀጉር አስተካካዩን ለምስክርነት ሊጠሩ ነው ብላ፣ እንባዋን እየዋጠች እጅጌውን መፍታት ጀመረች።

ፈትታ ስትጨርስ ደረጃው ላይ ጫጫታ ሰማች። ጋሽ መስመር በላብ ተጠምቀው፣ ጣቃ ታቅፈው ገቡ። ከኋላቸው አንድ የሱቅ ዘበኛ ዱላውን እንደያዘ ያለከልካል።

«እትዬ፣ ሰውዬው የእርስዎ ናቸው? በየሱቁ እየገቡ ጣቃ ነጥቀው ወደ ፀሐይ ይሮጣሉ! ገበያው ሁሉ ሌባ ሌባ እያለ ነው።»

«ሱቃቸው ውስጥ ያለው መብራት ቀይ የለውማ!» አሉ ጋሽ መስመር፣ እንደ ተበደለ ሰው።

ልብስ ሰፊዋ ጣቃውን ከቀሚሱ ጋር መስኮቱ ላይ ያዘችው። ቁርጥ አንድ ቀለም። ሽማግሌውን ዘወር ብላ አየቻቸው፤ የአንዱ ጫማቸው ክር ተፈትቷል።

«አዎ» አለችው ዘበኛውን። «የኛ ናቸው።»

የጨርቁን ዋጋ ሰጥታ ሸኘችው። መጋረጃውን ወለል አድርጋ ከፍታ ስትሰፋ፣ እሳቸው ወንበር ስበው ስለ ሄሊየም ተናገሩ፤ ሰው ምድር ላይ ሳያገኘው በፊት በፀሐይ ብርሃን ውስጥ በመስመሩ እንደታወቀ። ዝም በሉ አላለቻቸውም። አንድ ጊዜም «ከዚያስ?» ብላለች ይባላል፤ እሷ ትክዳለች።

በማግስቱ የሙሽራዋ እናት ቀሚሶቹን በፀሐይ ገልብጣ አይታ፣ «የሆቴሉን ሥራ ሰኞ እንነጋገራለን» አለችና በሁለት ክንዷ ታቅፋ ወረደች። ልብስ ሰፊዋ ልትሸኛት ተከተለች። ሁለተኛው ፎቅ ሳይደርሱ፣ መካከል ላይ፣ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«እመቤቴ፣ አንዴ ይቁሙልኝማ። ሆቴልዎ ውስጥ የሰቀሉት መብራት ምን ዓይነት ነው?»

ከላይ አንድ በር ተከፈተ። ጋሽ መስመር ካርቶናቸውን ታቅፈው እየወረዱ ነበር።