አገጩን ቀና ያደረገው የቆርቆሮ ሰው

መዘነጥ ልብስ አይደለም። ልብስ ቢሆን ኖሮ ሱቅ ያለው ሁሉ ዘናጭ፣ ሱቅ የሌለው ሁሉ ፋራ ይሆን ነበር። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ አንዳንዱ አዲስ ሱፍ ለብሶ የተዋሰው ይመስላል፤ ሌላው ክርኑ ያለቀ ኮት ደርቦ ሲያልፍ መንገዱ ራሱ ፈቀቅ የሚልለት ይመስላችኋል። አራዳ የምንለው ይህን ሁለተኛውን ነው። ምስጢሩ ፊቱ ላይ ነው። ዓለም ብትገለበጥ ሻዩን ሳይጨርስ የማይነሳ ሰው ፊት! ዛሬ ይህ ፊት በየአደባባዩ ተሰቅሎ ጫማውንም ለስላሳውንም ሰዓቱንም ይሸጥልናል። ብዙ ጊዜ የጥቁር ሰው ፊት ነው። ከየት እንደመጣ ግን ማስታወቂያው አይነግረንም። የዚህ ሰው ቅድመ አያቶች በአሜሪካ በባርነት ጅራፍ እየወረደባቸው «አመመኝ» ማለት የተከለከሉ ነበሩ። አመመኝ ማለት የተከለከለ ሰው ደግሞ የሚቀረው አገጩን ቀና ማድረግ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሕመም ሲሰነብት፣ ለማያውቀው ሰው ኩራት ይመስላል። ኩራት ደግሞ ይሸጣል።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ደባርቅ ላይ፣ በደርግ ዘመን፣ በአንድ ጸጉር ቤት በራፍ ነው የተማርሁት።

ያኔ ገና ጺሜ በቅጡ ያልበቀለ መምህር ነበርሁ። ደባርቅ በተመደብሁ በሁለተኛው ወር ሥዕል መሞካከሬን የሰማው ጸጉር አስተካካዩ ጋሼ ሙላት አስጠራኝ። ጋሼ ሙላት አሥመራ ብዙ ዓመት ሠርቶ የተመለሰ፣ ቀጭን፣ ሲናገር መቀሱን በአየር ላይ የሚያንቀጨቅጭ ሰው ነው። ከአሥመራ ካመጣው ሀብት ሁሉ የሚሳሳለት አንድ የሸክላ ሙዚቃ ማቀፊያ ነበር። ሸክላው መንገድ ላይ ተሰብሯል፤ የቀረው ካርቶኑ ነው። ካርቶኑ ላይ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ዘፋኝ አለ፤ አፍሮው እንደ ዋርካ የተንዠረገገ፣ መነጽሩ ጥቁር፣ አገጩ ቀና ያለ።

«ይህን በቆርቆሮ ላይ ሣልልኝ» አለኝ። «ከበራፌ በላይ እሰቅለዋለሁ።»

«ጸጉሩ ያስቸግራል» አልሁት።

«ጸጉሩን ተወው፤ አገጩን ልብ በልልኝ። ሰውየው የሚሸጠው አገጩን ነው!»

ሣልሁት። ሥዕሉ በተሰቀለ በሳምንቱ የደባርቅ ጎረምሳ ሁሉ ሚዶ ኪሱ ውስጥ ሰክቶ «እንደ ሰውየው አድርገኝ» እያለ ይሰለፍ ጀመር። ከዳባት በጭነት መኪና፣ ከዛሪማ ዳገቱን በእግር የመጡም ነበሩ። ጋሼ ሙላት ያበጥርና «አገጭ!» ይላል፤ ጎረምሳው ቀና ይላል፤ ያኔ ቁርጡ አለቀ ማለት ነው። ሥራው የደራው በመቀሱ መስሏችሁ እንዳይሆን።

ነገሩ የከፋው ክረምቱ ሲገባ ነው። የደባርቅን ጭጋግ የማያውቅ ሰው ጭጋግ አውቃለሁ ባይል ይሻላል። ከገደሉ ሥር ተነስቶ በጠራራው ቀን ከተማውን ቤት በቤት ይውጠዋል። አንድ ቅዳሜ ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገዱም ሰውም ጠፋብኝ። ከፊት ለፊቴ የቀረው ያ ፊት ብቻ ነበር፤ ግድግዳ የለው፣ አንገት የለው፣ አየር ላይ ተንሳፍፎ። ከሥሩ የሴት ድምፅ ሰማሁ።

«በላህ ይርጋዬ? ብርዱስ እንዴት ነው እዚያ?»

ከዚያ ዝም አለች። አንድ ሰው ለመመለስ የሚፈጅበትን ያህል ዝም አለች። ቀጥላም «እንግዲህ ይሁን» አለች። ጸጉሬ ቆመ። አፍሮ ለመሆን ምን ቀረው!

ሴትዮዋ እትዬ ዘውድነሽ ነበሩ፤ በጠላ ንግድ ልጅ ያሳደጉ መበለት። ልጃቸው ይርጋን እኔ ከመምጣቴ ከአንድ ዓመት በፊት ቀበሌ ለጥያቄ ወስዶታል። ስንቅ ሲያደርሱ «ጎንደር ተልኳል» አሏቸው፤ ጎንደር ሄዱ፤ እዚያ ስሙን የሚያውቅ ጠፋ። ሞተ ያላቸው የለም። ቢሞትም ለፀረ አብዮተኛ አይለቀስም፤ ያለቀሰች እናት ራሷ ትጠየቃለች። ስለዚህ አላለቀሱም። በዚያ ዘመን በደባርቅ ያላለቀሱት እሳቸው ብቻ አልነበሩም። ከተማው በሙሉ ፊቱን አጽንቶ፣ አገጩን አቅንቶ ይሄድ ነበር። መንገደኛ ቢያየን ኩሩዎች ነን ሊል ይችላል።

እትዬ ዘውድነሽ በየቅዳሜው ተመላለሱ። ገበያተኛውም «ቁርጥ ይርጋን!» ማለት ጀመረ። ወሬው ከቀበሌው ሊቀመንበር ጆሮ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ሽጉጡን በካፖርቱ ላይ የሚታጠቅ ዝምተኛ ሰው ነው። አንድ ጧት መጥቶ ሥዕሉን ሽቅብ ሲያይ፣ እኔ ወንበሩ ላይ ግማሽ ጸጉሬ ተቆርጦ ተቀምጫለሁ።

«ማነው ይሄ?»

ጥያቄው ወጥመድ ነበር። አሜሪካዊ ዘፋኝ ነው ቢባል የኢምፔሪያሊስት ባህል ማስፋፋት ነው፤ ይርጋ ነው ቢባል ደግሞ አይነገርም። የጋሼ ሙላት መቀስ መንቀጭቀጭ አቆመ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለ ቀስ ብሎ፣ «በአሜሪካ የተጨቆነ ጥቁር ወዛደር ነው። ትግሉን ለመደገፍ ነው የሰቀልሁት።»

ሊቀመንበሩ ሥዕሉን እንደገና ሽቅብ አየው። «እንግዲያው ለምን እዚህ ጸጉር ቤት ተደበቀ?» ብሎን እርፍ! በመጪው ሰኞ ለዓለም ጭቁን ጥቁር ሕዝቦች የአጋርነት ሰልፍ ይደረጋል፤ ሥዕሉም ከፊት ይያዛል ብሎ ወጣ።

ሰኞ ጧት ከተማው በግዴታ ወጣ። ጭጋጉም ወጣ። ሥዕሉ በሁለት እንጨት ተሰቅሎ ገበያው መካከል ቆሟል። ሊቀመንበሩ የኢምፔሪያሊዝምን ግፍ ከወረቀት ያነባል፤ «ስንቱ እናት ልጇን ተነጠቀች!» ከሚለው ላይ ሲደርስ እትዬ ዘውድነሽ ከሕዝቡ ወጥተው ከሥዕሉ ሥር ቆሙ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጠበቁ። ደረታቸውን መቱ።

«እናትህ ሩቅ ናት፣ ከባሕሩ ማዶ፣
ማን ያልቅስልህ ልጄ፣ ሬሳህ ተሰዶ።»

መጀመሪያ ማንም አልተነቃነቀም። ከዚያ ከጭጋጉ ውስጥ አንዲት ሴት ተቀበለች። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ። ማን እንደሚያለቅስ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ ከምድር የሚወጣ ይመስል። እናንተ ሆይ፣ ለአሜሪካ ጥቁሮች እንዲያ የተለቀሰበት አገር ያለ አይመስለኝም። የዓመቱ ልቅሶ በሙሉ፣ በመፈክርና በማኅተም ተፈቅዶ፣ በአንድ ጧት ወጣ። ጥበቃዎቹ ሊቀመንበሩን ያያሉ፤ ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ያያል። ምን ይበል? የራሱ ሰልፍ ነው። እኔም አለቀስሁ፤ ለማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ሕዝቡ ሲበተን ሊቀመንበሩ ጠራኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሥዕሉን ሳያይ በአገጩ እያመለከተ፣

«ጓድ መምህር፣ መልኩን ማን አሳየህ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ከካርቶን ላይ ነው የገለበጥሁት።»

«አትዋሸኝ። አንተ የመጣኸው እሱ ከ…» አለና አቋረጠ። «እንደዚያው ቀና ብሎ ነው ያየኝ። ልክ እንደዚያው።»

ጀርባውን ሰጥቶኝ ጭጋጉ ውስጥ ገባ። ይርጋ ጎንደር እንዳልሄደ ያን ጊዜ ገባኝ።

ይህን ለእናት መንገር ይሻላል ወይስ መደበቅ? ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተሟግቼ በአራተኛው እትዬ ዘውድነሽ ቤት ሄድሁ። ጌሾ እየለቀሙ ነበር። ከሊቀመንበሩ የሰማሁትን እየተንተባተብሁ ነገርኋቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ፣ እጃቸው ሳያርፍ። «ስንቁን የመለሱልኝ ቀን ነው ያወቅሁት። ለሕያው ሰው ሙሾ ይወርዳል?»

«መልኩ እንዲያ ቁርጥ እሱን መሆኑ ግን ይገርመኛል» አልኋቸው። «እኔ አይቼው አላውቅም።»

ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ፤ ለመሳቅ የቃጣቸውም መሰለኝ።

«የቱ መልክ? የኔ ይርጋ ቀይ ነበር፤ ጸጉሩ እንደ ዲያቆን አጭር። መነጽር የሚባል ነገር ዓይኑ ላይ አድርጎ አያውቅም። ሥዕልህ እሱን አንድ ነገሩ አይመስለውም።»

«ታዲያ ለምን ያናግሩት ነበር?»

«በዚህ ከተማ ሰምቶ ለሌላ የማይነግር ማን ነበረ?»

«ሰዉ ሁሉ ግን ይርጋ ነው ይል ነበር።»

«ሰዉ እኔን ሰምቶ ነው።»

«ሊቀመንበሩስ?» አልኋቸው። «ይርጋን በዓይኑ ያየው ሊቀመንበሩ እንዴት ይርጋን አየ?»

እትዬ ዘውድነሽ ጌሾውን አራገፉና ወደ ጋኑ ዞሩ።

«እሱን ራሱን ጠይቀው» አሉኝ።

አልጠየቅሁትም። ሥዕሉ ወደ ጸጉር ቤቱ ተመልሶ ተሰቀለ፤ ሰልፍ የወጣ ሥዕል ማን ደፍሮ ያወርዳል? ጎረምሳውም እንደ ወትሮው ይሰለፍ ነበር። ሊቀመንበሩ ብቻ፣ ደባርቅን እስኪለቅ ድረስ፣ ጸጉሩን የሚቆረጠው ዳባት እየሄደ ነበር።