በኬክ ቤቱ መስኮት ላይ የተጋረደ ጋቢ

ኬክ ቤት ገብቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚበላ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የዚያን ጊዜ ጎንደር ብትኖሩ ኖሮ በየቀኑ ታዩ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። እዚሁ የቀረ አንድ ጣሊያን ፒያሳ ላይ ኬክ ቤት ነበረው። ሲኞር እንለዋለን፤ ስሙን የጠየቀው ያለም አይመስለኝ። ኬኩ ሸጋ፣ ሳንዱቹ ሸጋ፣ ቡናው ሸጋ። ቅዳሜ ቅዳሜማ ከገበያ የተረፈው ሰው ሁሉ እዚያ ነው፤ መቀመጫ ማግኘት መከራ ነበር።

አንዲት ጠረጴዛ ብቻ ሁልጊዜ ባዶ ናት። ትልቁ መስታወት ሥር ያለችው። መንገደኛ ሁሉ እያየው ማን ይበላል? የሰው ዓይን ክፉ ነው። ስለዚህ የተከበረው ሰው ወደ ውስጥ ዘልቆ፣ ከግድግዳው ጋር ተፋጦ፣ ነጠላውን በራሱ ላይ ጣል አድርጎ ኬኩን ይበላል። ሲኞር ቆሞ ያያቸውና ራሱን ይነቀንቃል። አስተማሪ የቀጣቸው ተማሪዎች ሳይመስሉት አልቀሩም።

እኔስ? እኔ ከቢሮ የምወጣ ጸሐፊ ነኝ፤ ይርበኛል። ባዶዋ ወንበር የመስኮቷ ከሆነች እዚያው ቁጭ ብዬ እበላለሁ። ደግሞ ቀጭን ነበርሁ። ቡዳም ቢሆን የሚበላውን ያውቃል።

መዘዙ የመጣው ሚስት ላገባ ስል ነው። የቁስቋሙን የቅኔ መምህር፣ የየኔታ ኪዳኔን ልጅ ጥሩወርቅን ወደድሁ። ሽማግሌ ላክሁ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አጎቴ አያ ደስታ ነበሩ። አያ ደስታ የአዘዞ ገበሬ ናቸው፤ ግን ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከእርሻ ይልቅ በችሎት ነው። ዛሬ የራሳቸውን ወሰን፣ ነገ የጎረቤትን ርስት ሲሟገቱ ይውላሉ። እሳቸው ከሄዱማ ነገሩ አለቀ ብዬ ለጥ ብዬ ተኛሁ።

ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሯል። የቀረበላቸውን ጠላ እንኳ ሳይቀምሱ ነው የወጡት። መቼም ታውቃላችሁ፣ ጋብቻ ተጠይቆ እሺ ሳይባል እህል ውኃ አይቀመስም። ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ከተቀመሰ ነገሩ ተቆረጠ ማለት ነው።

ምነው አያ፣ አልኋቸው። የኔታ ስለ ዘሬም ስለ ደመወዜም አልጠየቁም አሉኝ። ያ መስታወት ውስጥ ተቀምጦ የሚበላው ልጅ ነው ወይ ብለው ብቻ ጠየቁ። አዎ ተባሉ። እንግዲያስ አልሰጥም አሉ። ጉርሻውን ላገር የሚያሳይ ሰው የቤቱን ገመና እንዴት አድርጎ ይሸፍናል?

ሰው አልገደልሁ፣ አልሰረቅሁ። በኬክ ሚስት ላጣ ነው። እህል አስጠላኝ፤ ኬኩም ጭምር።

አያ ደስታ ግን ነገር አይተዉም። ተመልሰው ሄዱና፣ የኔታ፣ ዳኛ እንኳ የወሰን ክርክር ሲመጣበት እርሻው ድረስ ይወርዳል፤ ቦታውን ሳያዩ መፍረድ ፍርደ ገምድል ያሰኛል አሏቸው። የኔታ ደግሞ ፍርደ ገምድል ከሚባሉ ሞት ይቀላቸዋል። ለቅዳሜ ተቃጠሩ። ጾም አይደለ፣ ሰበብ የለ።

ቅዳሜ የኔታ ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ ጭራቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። ቤቱ ጢም ብሏል። ባዶዋ ያቺው ናት። ሊመለሱ ሲሉ አያ ደስታ ለምነው አስቀመጧቸው። ክሬም ያለበት ኬክና የሥጋ ሳንዱች በእኔ ሒሳብ ቀረበ። ሥጋውን ማን አረደው አሉ። የሲኞር ሚስት ያገራችን ሴት ናትና፣ ወንድሟ በስመ አብ ብሎ እንዳረደው ማለችላቸው። ይኸም አለፈ። ግን አይበሉም። ኬኩን ያያሉ፣ መንገደኛውን ያያሉ፣ ምራቃቸውን ይውጣሉ።

አያ ደስታ ብድግ ብለው ጋቢያቸውን ገፈፉና አንዱን ጫፍ ሰጡኝ። ግራና ቀኝ ቆመን መስታወቱን ጋረድነው። የኔታም ጀመሩ። አበላላቸውስ! ስንት ዘመን በዚያ በር ሲያልፉ ሽታው ያስጎመዣቸው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ኬኩን ጨርሰው ወደ ሳንዱቹ ተሻገሩ።

አንድ ነገር ግን አላሰብንም። ሲበላ መጋረጃ የሚያዝለት ማን ነው? መኳንንት ነዋ። ገበያተኛው የተዘረጋውን ጋቢ ሲያይ አገረ ገዢው ደጃዝማች ምሳ ላይ ናቸው ብሎ ደመደመ። መጀመሪያ አንድ ሰው ቆመ። ከዚያ መንገዱ ሞላ። ከዚያ "አቤት!" የሚል ጩኸት መጣ። ከአዲ አርቃይ የመጣው ሰውዬ በቅሎዬን ተቀማሁ ይላል። አንዷ ባሌ አላስቀምጥ አለኝ ትላለች። ሁሉም በአንድ ላይ ይጮኻል። ሲኞር መስታወቴ ሊሰበር ነው ብሎ ራሱን ያዘ።

የኔታ ሳንዱቹን እንደጎረሱ ቀሩ። እኔ አይደለሁም ብለው እንዳይወጡ ሲበሉ ሊታዩ ነው። ዝም እንዳይሉ ጩኸቱ ባሰ። በመጨረሻ ከጋቢው ጀርባ ሆነው፣ በዚያ ቅኔ በሚዘርፉበት ድምፅ፣ "ሂዱ፤ በየደብራችሁ ታረቁ" አሉ። ሕዝቡ አመነ። እጅ ነሣ። ሊበተን ሲል ጋቢው ወደቀ።

የእኔ ጫፍ እጄ ላይ ነው። የወረደው በአያ ደስታ በኩል ነው። መስታወቱ ውስጥ የቁስቋሙ የኔታ ኪዳኔ ተቀምጠዋል፤ ጢማቸው ላይ ክሬም፣ እጃቸው ላይ ሳንዱች። ከዚያ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ፣ "ውይ፣ የኔታ ናቸውሳ" አለች። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

አበቃልኝ አልሁ። ጥሩወርቅን በቁሟ ቀበርኋት። አያ ደስታ ግን ጋቢያቸውን አንስተው እያራገፉ፣ ደጅ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ "እንግዲህ የኔታ የልጁን እህል ቀመሱ። አገር ምስክር ነው" አሉ።

ለካ የኔታ ኬኩ ሲመጣ ጋብቻ መጠየቃቸውን ረስተውት ኖሯል። እህል ቀምሶ ሴት ልጁን የከለከለ ሰው ምን እንደሚባል ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሕዝቡን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የተረፈችውን ሳንዱች አዩ።

"ሰጥቻለሁ" አሉ። "ከታየሁ አይቀር ይቺን ልጨርሳት።"

በሠርጌ ዕለት አያ ደስታን ጥግ ይዤ ጠየቅኋቸው። ያን ቀን ጋቢው እንዴት አመለጠዎት? እጅዎ ዝሎ ነው?

እጄስ ገና ድሮ ዝሎ ነበር አሉኝ። የያዝሁት ምስክሩ እስኪሞላ ነው።