ባዶውን ካርቶን ብቻ

ጀርመን አገር የሚጣል ነገር የለም። ለወረቀቱ አንድ በርሜል፣ ለጠርሙሱ ሌላ፣ ለልጣጩ ሌላ ተደርድሮለታል። ቆሻሻ እንኳ እዚህ የታወቀ አድራሻ አለው፤ የመኖሪያ ፈቃዱም ከእኛ ቀድሞ ነው የወጣለት። ከበርሜሎቹ የተረፈውን ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይወስደዋል። የእንቁላል መያዣው አባጨጓሬ ይሆናል፤ የእርጎ ጣሳው ስልክ ይሆናል። ሶፍት ሲያልቅ መሐሉ ላይ የሚቀረው ካርቶን፣ ያ እኛ ዞር ብለን ሳናየው የምንጥለው፣ ክንፍና ዓይን ተቀጥሎለት ጉጉት ሆኖ መስኮት ላይ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ «ባስተልን» ይሉታል። በአማርኛ ምን እንደምለው እስካሁን አላገኘሁም። እኛ ዘንድ በመቀስና በሙጫ ሲጫወት የተገኘ ልጅ የሚደርስበት ነገር ስም አለው እንጂ ጨዋታውስ ስም የለውም።

ይህን ጉድ ያየሁት ልጄ ብሌን ቦርንሃይም በሚባለው ሰፈር በምትማርበት ትምህርት ቤት ነው። ወላጆች ተጠርተን ሄድን። ክፍሉ ከጣሪያ እስከ ወለል አጊጧል፤ ልጆቹ ይስቃሉ፤ መምህርቷም ትስቃለች። መምህርት ስትስቅ ይታያችሁ! እኔ አዲስ አበባ ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር የክፍሌ ጌጥ ጠመኔና አርጩሜ ነበር፤ ከሁለቱ የሚያምረው አርጩሜው ነው። ቀናሁ። ቅናት ደግሞ ሰውን መቼም ወደ ደህና ቦታ አድርሶት አያውቅም።

እኔ በዚህ በፍራንክፈርት ከሰኞ እስከ ዓርብ የአረጋውያን ቤት ወጥ ቤት እሠራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የልጆቻችን የአማርኛ መምህርት ነኝ። ነበርኩ ማለት ይሻላል፤ ወደዚያ እንደርሳለን። የምናስተምርበት ከበርገር ጎዳና ጀርባ ያለ የኪራይ አዳራሽ ነው። በአዘቦት ቀን የሕፃናት መዋያ ነው፤ እሑድ ይዘመርበታል፤ ቅዳሜ ለእኛ ይለቀቃል። ግድግዳው ግን መቼም የእኛ ሆኖ አያውቅም። አንድ ጊዜ ፊደል ጽፌ በፕላስተር ለጠፍኩበትና ማታ ሳነሳው ቀለሙ አብሮ ተነሳ። የአዳራሹ ጠባቂ፣ ሀውስማይስተር የሚባለው፣ መላጣውን ቦታ እንደ ቁስል ዳሰሰና «ደግሞ አንድ ጊዜ እንዲህ ከሆነ ሌላ አዳራሽ ፈልጉ» አለኝ። እኛ አገር «ሁለተኛ እንዳይለምድህ» የተባለ ሰው ገና ብዙ ዕድል ይቀረዋል። ጀርመን አንድ ጊዜ ሲል ግን አንድ ማለቱ ነው።

ተማሪዎቹም እያነሱ ሄዱ። የቀሩትን በአማርኛ ስጠይቅ በጀርመንኛ ይመልሳሉ፤ መልሱም ያው አንድ ነው፤ «ካይነ አኑንግ»፣ ማለትም እኔ እንጃ። ከሁሉ ጮክ ብላ እኔ እንጃ የምትለው የገዛ ልጄ ናት። ወላጆቻቸው ጎህ ሳይቀድ ቬስትኤንድ በሚባለው ሰፈር የቢሮ ወለል የሚያጸዱ፣ ቅዳሜ ደግሞ ከሮደልሃይም ድረስ እንቅልፋም ልጅ በባቡር እየጎተቱ የሚመጡ ሰዎች ናቸው። በመጨረሻ ተሰብስበው ወሰኑ፤ ከበጋው ዕረፍት በፊት ባለው የመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥተው ልጆቹ የተማሩትን ያያሉ፤ ያዩት ካስደሰታቸው ትምህርቱ ይቀጥላል፤ ካልሆነ ልጆቹ ይተኙ። እውነት ነበራቸው።

እኔም ሲሉ ሰምታ እንደ ታነቀችው ዶሮ ባስተልን ጀመርኩ። ሐሳቤ ይህ ነበር፦ የሶፍት ካርቶኖቹን ቀለም ቀብተን በያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል እንጽፋለን፤ ወለሉ ላይ እናቆማቸዋለን፤ ልጁ በተጠቀለለ ካልሲ ወርውሮ ይጥላል፤ የጣለውን ፊደል ስሙን ከጠራ ካርቶኑ የእሱ ይሆናል። አንዲት ነገር ግድግዳ አትነካም! በዚህ እንዴት እንደ ኮራሁ አልነግራችሁም።

ጽሕፈቱን የያዙልኝ አቶ ገብረአብ ናቸው። የአስመራ ሰው ናቸው፤ አማርኛን እዚያው ተምረው፣ እዚህ በፋብሪካ አርጅተው ጡረታ ወጥተዋል። የእጅ ጽሑፋቸው መጽሐፍ ያስንቃል። አገሮቻችን ሁለት ከሆኑ ወዲህ «አንቱ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራሉ?» የሚሏቸው አልጠፉም። «ድንበሩን ሲያሰምሩ የእጅ ጽሑፌን ማን ጠየቀኝ?» ይሉና ማርከራቸውን ይከፍታሉ። የሶፍቱን ካርቶን ሳሳያቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ጓለይ፣ ዳዊት የተጻፈበት ፊደል እኮ ነው፤ እዚህ ላይ?» አሉኝ፤ ጓለይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። «አባባ፣ ብራናውስ የፍየል ቆዳ አይደለም? ፍየሏ የት የት ተኝታ እንደ ነበር ማን ጠይቋት ያውቃል?» አልኳቸው። ሳቁና ተሸነፉ። አሸንፌ ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።

ለወላጆቹ በግልጽ ተናገርኩ። አንዱን ካርቶን እንደ መስቀል ከፍ አድርጌ «ባዶውን ካርቶን ብቻ አምጡልኝ» አልኩ። ብሌን በጀርመንኛ ደገመችው። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ወይዘሮ አስካለ፣ ከሁሉም እናቶች ድምፃም የሆነችው፣ «ባዶውን?» አለች። «ባዶውን።» «ምንም የሌለበትን?» «ምንም የሌለበትን።» እንደ ታመመ ሰው ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ «እሺ ቲቸር፣ እግዜር ያውቃል» አለችና ሄደች።

እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። እኔ የማን አገር ሰው ነኝ? ጎረቤት በሳህን ወጥ ከላከች ሳህኑ ባዶውን እንደማይመለስ፣ ሌላው ቢጠፋ ሁለት ሎሚ እንደሚገባበት እናቴ አላስተማረችኝም? ባዶ እቃ ሰጪውንም ተቀባዩንም ያዋርዳል። ያውም ለመምህር! ያውም የቤት ጥራጊ!

ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ሙሉ ሶፍት ይዘው መጡ። ነጭ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ፣ አበባ የታተመበት፣ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ፤ አንዱ አባት እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ሌላው በሻንጣ። የሰርግ ቤት ስጦታ ይመስል ጠረጴዛው ላይ ደረደሩት። ወይዘሮ አስካለ የራሷን ከሁሉ ፊት አስቀደመችና «ባለ ሦስት ድርብ ነው ቲቸር፣ ዓይንሽን ብትጠርጊበት አይቆረቁርም» አለች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ያልሽው ገብቶናል። ግን እስቲ አሁን እኔ ለልጄ መምህር የመጸዳጃ ቤቴን ጥራጊ ልስጥ? ሰውስ ቸገራት አይልም?» አለችኝ። አመሰገንኩ። ከሰዓት በኋላ እንገናኝ ብለው ወጡ።

ባዶ ካርቶን ያመጣሁ እኔ ብቻ ነበርኩ። እሱ ደግሞ የ«ሀ»ን ቤተሰብ እንኳ አይሞላም። ከፊቴ የሶፍት ተራራ፣ ከኋላዬ አሰልቺዋን መምህርት የሚጠብቁ ልጆች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ መልቀሙንም አላደረስኩት። «ልጆች፣ ጥቅሉን ቀድሞ ፈትቶ ካርቶኑን ያወጣ ያሸንፋል!» አልኩ።

አንባቢዬ፣ በዚያ አዳራሽ እንደዚያ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም። ልጆቹ የሶፍቱን ጫፍ ይዘው በረሩ። ወንበሩን ጠቀለሉት፤ ፒያኖውን ጠቀለሉት፤ ቀጥለው አቶ ገብረአብን ከእግር እስከ አንገት ጠቀለሏቸው። «በቁሜ ገነዛችሁኝ! በሉ ፍታት የሚያውቅ ካለ ጥሩልኝ!» ይላሉ፤ አንድ እጃቸውን ከመግነዙ አውጥተው ፊደላቸውን ይጽፋሉ። ልጆቹም «ያዘው! ሳበው! ኧረ የኔ ነው!» እያሉ ይጮኻሉ። በአማርኛ! ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ሳይቆጣቸው በአማርኛ ይሰዳደባሉ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ለመጥረጊያው መቼም አልቸገረኝም።

ካርቶኖቹ ተቀብተው፣ ተጽፎባቸው በየረድፋቸው ቆሙ። የተፈታው ወረቀት ጉልበት ደርሶ ነበር። ወላጆች ሊመጡ ነው። «ብሌን፣ ይህን ቶሎ አንሱልኝ» አልኩ። ወዴት እንደሚነሳ አልተናገርኩም። ልጄ ግን እዚህ አገር ያደገች ናት፤ ማንኛውም ነገር አድራሻ እንዳለው ታውቃለች። የሽንት ቤት ወረቀት አድራሻው የት ነው? እንግዲህ ጓደኞቿን አሰልፋ፣ በክንድ በክንድ ተሸክመው፣ ወደ አድራሻው አደረሱት።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያለው ሰው ይህን አዳራሽ ያውቀው ነበር መሰለኝ። መጀመሪያ የሰማሁት ከኮሪደሩ የሚመጣ የልጆች ሳቅ ነው። ቀጥሎ ውሃው በበሩ ሥር፣ ነጭ ብጥስጣሽ እየገፋ፣ ሳይቸኩል ገባ። ለማዕረግ የሚጠነቀቅ ይመስል ከ«ሀ» ጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹን ረድፎች ከነቤተሰባቸው ወሰደ። አቶ ገብረአብ መግነዛቸውን እየጎተቱ የቀሩትን ፊደሎች አቀፉና መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡ።

ወላጆቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ደረሱ። አንድም ሰው ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም። ጫማቸውን አወለቁ፤ ቀሚስና ሱሪ ሰበሰቡ፤ ተንበረከኩ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ወለል ሲወለውሉ የሰነበቱ ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው የእኔን ጥፋት ይወለውሉ ጀመር። ሀውስማይስተሩ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ቢጮህ ደስ ባለኝ። አልጮኸም። መዳፉን ዘረጋና ቁልፉን ተቀበለኝ። ትምህርቱ ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለውን ያን ቀን ማንም አላነሳው፤ ውሃው ወስኖልን ነበር። ስንወጣ ወይዘሮ አስካለ እርጥብ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ «ጥፋቱ የእኛ ነው ቲቸር፤ አንቺማ ባዶውን ብለሽ ነበር» አለችኝ። ብትሰድበኝ ኖሮ ያን ሰሞን እንቅልፍ በወሰደኝ። ይቅርታ አንዳንድ ጊዜ ከአርጩሜ ይብስ የለም?

ብርዱ ሲገባ አቶ ገብረአብን ኡ-ባን በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር አገኘኋቸው። ማክሰኞ ማክሰኞ አዳራሹ ይሄዳሉ። ለካ ሕምባሻ አስጋግረው ሀውስማይስተሩን ይቅርታ ሊጠይቁ ሄደው ኖሯል፤ ባዶ እጃቸውን አልሄዱማ! የሕፃናት መዋያዋ መምህርት መስኮቱ ላይ በቀሩት ካርቶኖች ያለው የምን ጽሕፈት እንደሆነ ስትጠይቃቸው ጨዋታውን አሳዩአት፤ በዚያው ቀሩ። አላመንኩም። በሚቀጥለው ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ብሌንን ይዤ መስኮቱ ሥር ቆምኩ። ካልሲ ሲወረወር ይሰማል፤ ካርቶን ይወድቃል፤ ወርቅማ ፀጉር ያለው አንድ ሕፃን «ሙ!» ብሎ ጮኸ። ብሌን መስታወቱን እየደበደበች «ፋልሽ! ተሳስተሃል! እሱ እኮ ‹ሚ› ነው!» አለች። ዞሬ አየኋት። «ታውቂያለሽ ማለት ነው? ታዲያ ምነው ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ እንጃ አልሽኝ?» ብላት «አንቺ ስትጠይቂኝ ጨዋታ አልነበረማ» አለችኝ፤ እሱንም በአማርኛ።

እንግዲህ ከአዳራሹ እኛ ተባረን ፊደላችን ቀርቷል። ይህን ለወይዘሮ አስካለ በምን አፌ እነግራታለሁ?

የሕፃናቱ መምህርት ወጥታ ሰላም አለችኝ። ነገሩን ሁሉ ሰምታለች። ሀውስማይስተሩን ሕምባሻው አለስልሶታል፤ ሐሙስ ብመጣና በአፌ ይቅርታ ብጠይቀው ቅዳሜያችንን ሊመልስልን ይችላል፤ እሷም ከጎኔ ትቆማለች። አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ ካርቶኖቹ በልጆቹ እግር ስለ ተረገጡ ስመጣ ጥቂት ባዶ ይዤላት እንድመጣ።

ከወጥ ቤት ባልደረቦቼ ለምኜ አንድ ፌስታል ሞላሁ። ባዶ፣ ንጹሕ፣ እንደታዘዘው። ሐሙስ ጠዋት ከሥራ አስፈቅጄ ፌስታሉን አንጠልጥዬ በርገር ጎዳና ደረስኩ። ይቀላል። ምንም የያዝኩ አይመስልም። እርምጃዬ እያጠረ ሄደ። ይቅርታ የምጠይቀው ሰው፣ የልጆች መምህርት፣ ያውም በሰው ደጅ፤ በእጄ ያለው ምንድን ነው? ጥራጊ! እናቴ ብታየኝ ምን ትላለች? ጥግ ላይ ያለው ሱቅ ገባሁ። ዓይኔ ሌላ ነገር አላይ አለ፤ እጄም የለመደውን አነሳ።

ደወልኩ። ሀውስማይስተሩ በሩን ከፈተ። መጀመሪያ ፊቴን አየ፤ ሊስቅም ጀምሮ ነበር። ቀጥሎ ብብቴ ሥር ያለውን፣ አበባ የታተመበትን፣ ባለ ሦስት ድርቡን ሙሉ ጥቅል አየ።

በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።