መቅመስ ክልክል ነው

ሥራ ሁለት ዓይነት ነው፤ ስም ያለውና ስም የሌለው። ዲላ ላይ ቡና የሚቀምስ ሰው ነጭ ካፖርት ይለብሳል፤ ከማንኪያው ፉት ብሎ፣ አፉ ውስጥ አንከባሎ፣ እንትፍ ይላል። ከዱመርሶ እስከ ወናጎ ያለው ባለ ቡና ደግሞ ፊቱን እያየ ይጨነቃል። ባለሙያ ነዋ! ወጥ የሚቀምስስ? እሱንማ ሆዳም እንለዋለን።

እኔ አንድ የዲላ ሆቴል ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ያስተናገድኩ ሰው ነኝ፤ ወጡ ሲበላሽ የእንግዳውን ስድብ የምቀበለው እኔ ስለሆንኩ ነገሩ ያገባኛል። ሁለት ወጥ ሠሪዎች አሉን። እትዬ አልማዝ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ሁዳዴ ሲገባ ሥጋና ቅቤ አፋቸው አይደርስም። ራህመት ሙስሊም ናት፤ የክርስቲያን ሥጋ መቼም አትነካም፣ በረመዳን ደግሞ ቀን ቀን ውሃም አትቀምስም። ሁለቱ ጾሞች አንድ ሰሞን ሲገጥሙ፣ ዘንድሮ እንደሆነው፣ ሁለት ወጥ ሠሪ እያለን አንድ ምላስ የለንም።

ያኔ ታደለች ትጠራለች። ታደለች ዲላ አጠገብ ያለችው የጪጩ ሴት ናት፤ ጌዴኦ፣ ጴንጤ፣ በደሞዝ መዝገቡ ላይ "ዕቃ አጣቢ"። መዳፏ ላይ ጠብ ያደርጉላታል፣ ትልሳለች፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ የጎደለውን ትናገራለች። ተሳስታ አታውቅም።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የሆቴሉ ባለቤት የወንድም ልጅ ነው፤ ከአዲስ አበባ ካሜራ ይዞ መጣ። ካሜራው ምን ቢያሳየው ጥሩ ነው? ዕቃ አጣቢ በሥራ ሰዓት እጇን ስትልስ! በማግስቱ "የሆቴሉን ምግብ መቅመስ ክልክል ነው" የሚል ማስታወቂያ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ፤ ታደለችም ተባረረች። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኼ ነው። ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ስታለቅስ አላየሁም፤ ሽርጧን አጣጥፋ ለእትዬ አልማዝ ሰጥታ ሄደች። እኔ ግን አሁንም ሳወራው ያንገበግበኛል።

ወጥ ሠሪዎቹ አልተጣሉም፣ አልጮኹም። ሥራ አስኪያጁ በልምዳችሁ ገምቱ ሲላቸው "እሺ ጌታዬ" ብቻ አሉ። እናንተዬ፣ እሺን የመሰለ እምቢታ የለም! በሦስተኛው ቀን ሦስት የማይጾሙ ቡና ቀማሾች አልጋ ይዘው ለምሳ ዶሮ ወጥ አዘዙ። እትዬ አልማዝ ጨው ጨመሩ፣ ራህመትም ጨመረች፣ ማንም አልቀመሰም። እንግዶቹ አንዴ ጎርሰው ውሃ ጠየቁ። አንደኛው ይኼን ወጥ ማን እንደቀመሰው ሲጠይቀኝ፣ መቅመስ መከልከሉን ነገርኩት። የእሱን ሥራ የከለከልኩ ይመስል አፈጠጠብኝ። እራታቸውም እንዲህ ከሆነ ሻንጣቸውን ይዘው ሌላ ሆቴል እንደሚገቡ ለሥራ አስኪያጁ ነገሩት።

ሥራ አስኪያጁ ወጥ ቤት ገብቶ ቅመሱ አለ። ሁለቱም ጾም ላይ ናቸው። ራሱ እንዳይቀምስ እሱም ሁዳዴን ይጾማል። ዞሮ እኔን አየኝ። እውነቱን ልናገርና፣ እኔ የዚያን ዕለት ጠዋት ጥብስ ስበላ ነው ያረፈድኩት፤ በዚያች ደቂቃ ግን ከገዳም የመጣሁ መነኩሴ ሆንኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቀማሿ ታደለች እንደነበረች ነግሬው፣ ልጠራት ባጃጅ ይዤ ጪጩ ሄድኩ። ታደለች ጓሮዋ ውስጥ እንሰት እየፋቀች ነበር። ችግሯን ስለማውቅ ወዲያው ትነሳለች ብዬ ነበር፤ መፋቋን እንኳ አላቆመችም።

"ጋሼ፣ ዕቃ የሚታጠበው በእጅ ነው" አለችኝ። "እጄን ከፈለጉ በድሮው ደሞዝ እመጣለሁ። ምላሴንም ከፈለጉ ወጥ ሠሪ ተብዬ ነው፤ በወጥ ሠሪ ደሞዝ፣ በደብዳቤ።"

ደውዬ ስነግረው ሥራ አስኪያጁ ለአንዲት ዕቃ አጣቢ ደብዳቤ አልጽፍም ብሎ ፎከረ፤ ብቻ ይዘሃት ና አለ። ስንደርስ ወጡ እየተንተከተከ ነው፣ እንግዶቹም ጠረጴዛ ይዘዋል። ደብዳቤው ነገ ይደርሳል፣ አሁን ቅመሺ አላት። ታደለች እጆቿን አጣምራ፣ አፏን ገጥማ ቆመች። ንቅንቅ አላለችም። ሲቸግረው ወጣና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ለእትዬ አልማዝ ሰጥታ አስነበበች። እሳቸው የዘለሉት ነገር ቢኖር ብላ ለራህመትም ሰጥታ ደግማ አስነበበች።

ከዚያ መዳፏን ዘረጋች። ቀመሰች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

"ጨው ትንሽ" አለች።

ሁለቱ ወጥ ሠሪዎች ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ጨዉን ያቀበላት ሥራ አስኪያጁ ነው።