በሳሙና የታጠበችው ጥንቸል

በዚህ ከተማ የሚሸተው ተከራይ ብቻ ነው! አትቆጡ፤ ላስረዳችሁ። የምንኖረው ቃሊቲ ነው። ከጓሯችን የሚያልፈው ወንዝ ቀለሙን እንደ ፋብሪካዎቹ ፍላጎት ይቀያይራል፤ ሽታው ግን የጸና አቋም አለው። ከፊት ለፊታችን ባለ ተሳቢ መኪናዎች ሞተራቸውን ሳያጠፉ ተሰልፈው ይውላሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን አከራያችን እትዬ አስካለ አንድም ቀን አፍንጫቸውን ይዘው አያውቁም። አፍንጫቸው ሥራ የጀመረው እኛ ጥንቸል ያስገባን ዕለት ነው።

ጥንቸሏ እንዴት መጣች አትሉም? የባለቤቴ ወንድም ደረጄ ከጓደኞቹ ጋር በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጀ። «በምን?» ስለው «በጥንቸል እርባታ!» አለኝ። ሥልጠና ወሰዱ፤ ሼድ ተሰጣቸው፤ ጥብጣብ ተቆረጠ፤ ተጨበጨበ። ጥንቸሎቹም ልማታዊ ስለነበሩ ከዕቅድ በላይ ተባዙ። አንዲት ትንሽ ጥያቄ የተነሳችው ከዚያ በኋላ ነው... ሥጋውን ማን ይበላዋል? ክርስቲያኑ «ሰኮናው ያልተሰነጠቀ!» ብሎ አማተበ። ባለ ሱቆቹ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም «እናንተ የሸሻችሁትን እኛ ምን ቆርጦን?» አሉ። በሥልጠናው ሁሉ ነገር ተነስቶ ይህቺ ብቻ ተረስታ ነበር። ሥራው ሲፈርስ ጥንቸሎቹ ለዘመድ አዝማድ ተከፋፈሉ፤ ለእኛም አንዲት ነጭ ደረሰችን። ልጃችን ማህደር «በረዶ» ብላ ስም አወጣችላት። ስም የወጣለትን እንስሳ ከልጅ እቅፍ ማስጣል እንደማይቻል ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

በማግስቱ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው በራፋችን ላይ ቆሙ።

«ይሄ ነገር ይበላል?»

«ኧረ አይበላም፣ እትዬ! ለልጅቷ መጫወቻ ነው።»

«ባይበላም ይሸታል!»

«ገና ትናንት መግባቷ እኮ ነው...»

«ሊሸት ነዋ! ስማኝ ልጄ፣ ይሄ ጽዋ የሚጠጣበት ግቢ ነው። የሚመጣው የመድኃኔዓለም ማኅበር ተራው የኔ ነው። ማኅበርተኞቼን ትንሽ ሽው ካላቸው እሷም ትወጣለች፣ እናንተም ቤቴን ትለቁልኛላችሁ!»

የኮንዶሚኒየም ዕጣችን እስኪወጣ (ስንት ዘመን እንደጠበቅን አታስቆጥሩኝ!) ከዚያ ቤት ወጥተን የምንገባበት የለንም። የአንድ ቤተሰብ ዕጣ ፈንታ በጥንቸል ብብት ሥር ገብቶ አረፈው!

«ትታጠብ!» ብዬ ወሰንኩ።

ባለቤቴ ትዕግሥት «ጥንቸል ይታጠባል እንዴ?» አለችኝ።

«ታዲያ ሽታ የሚጠፋው በምንድን ነው? በስብሰባ?»

የቧንቧ ውሃ ሲያሻው ብቻ ብቅ በሚልበት ሰፈር፣ እኔ ፊቴን በአንድ ጣሳ እያባበስኩ ለበረዶ ሙሉ ጄሪካን ተመደበላት። በልብስ ሳሙና አሸኋት። እናንተዬ፣ ስትረጥብ ጥንቸሏ ጠፋች! ሳፋው ውስጥ ጆሮ ብቻ ነው የቀረው። ልብስ የሚያሰጡ ጎረቤቶች ሥራቸውን ትተው ሳቁብኝ። ትዕግሥትም ባሏ ሲተጋ ዝም ብላ ማየት ከብዷት ሎሚ ቆርጣ ፀጉሯን አሸችላት፤ በረዶ ማስነጠስ ጀመረች። እኛም ያስነጠሰችው ስለጸዳች ነው ብለን ተደሰትን። ከዚያ በኋላ ትንሽ ሽታ በመጣ ቁጥር ወደ ሳፋ! ሽታው ከወንዙ ይምጣ ከተሳቢው ማን ያጣራል? ጥፋተኛዋ አስቀድማ ተለይታለች።

በጠጧንም ለመሬት አላስነካም። መጥረጊያ ይዤ ከኋላ ከኋላዋ ነው። መሥሪያ ቤቴ ውስጥ እንዲህ ብተጋ ይኼኔ የመምሪያ ኃላፊ ነበርኩ። አንድ ጠዋት ደግሞ ምን ባይ ጥሩ ነው? አንገቷን ወደ ሆዷ ደፍታ የራሷን በጠጥ ልትበላ! እግዚኦ! ይህንን እትዬ አስካለ ቢያዩ እንኳን ቤቱን ከተማውን ያስለቅቁናል። ዘልዬ ከአፏ ነጠቅኳት። ከዚያ ወዲያ ጎንበስ ባለች ቁጥር በመጥረጊያው እጀታ ቀና አደርጋት ጀመር።

ማኅበሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በረዶ ምግብ አቆመች። ፀጉሯ እየረገፈ ጥግ ይዛ ኩርምት አለች። ማህደር አጠገቧ ተቀምጣ ዐይኗ እንባ አቅርሮ «አባዬ፣ በረዶ ልትሞት ነው?» አለችኝ። ቀልዱን ተዉት፤ ለካ እኔም ወድጃታለሁ!

በቅርጫት ይዣት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። ተራ የያዝነው ሆዱ በተነፋ በሬና በሚያነክስ የጋሪ ፈረስ መካከል ነው። ባለ ጋሪው ቅርጫቱን ከፈት አድርጎ አየና «ጋሼ፣ ለዚህች ነው ከሥራ የቀረኸው?» ብሎ ፈረሱን አቅፎ ሳቀ። ተራችን ደርሶ ገባን።

«ምን አደረጋችኋት?» አለች ወጣቷ ሐኪም።

«አጠብናት።»

«በምን?»

«በሳሙና... በሎሚም።»

«እርድም ጣል አድርጋችሁባት ነበር?»

አንገቴን ደፋሁ።

«ጥንቸል አይታጠብም፣ ጌታዬ! ራሷን እየላሰች ታጸዳለች። ብርድ ነው የመታት። የእርስዎ ሥራ መኝታዋን ማድረቅ ነው። የምትሸናበትን ጥግ በየቀኑ ይጥረጉ፤ ደረቅ ሣር እንደ ልቧ ትብላ፤ ጥፍሯ ሲያድግ ይቆረጥ። በቃ። ደግሞ ለስለስ ያለውን በጠጥ ራሷ ስትበላ አይከልክሏት።»

«ምን?!»

«እሱን ካልበላች ሆዷ አይሠራም። ጤናዋ እሱ ነው።»

አያችሁልኝ? ጤናዋን በመጥረጊያ እየጠረግኩ ስጥልላት ነው የከረምኩት!

መድኃኒቷን ይዘን ተመለስን፤ የተባልነውንም አደረግን። በረዶ ቀስ በቀስ ሣር መቆርጠም ጀመረች፤ ፀጉሯም መለስ አለ። ሽታውስ? ጭራሽ የለም! ለካ ስንታገል የከረምነው ከእርጥበቱና ከሎሚው ጋር ነው።

የማኅበሩ ዕለት ደረሰ። ጊዜው ሁዳዴ ነው። የእትዬ አስካለ ሳሎን ለምለም ጉዝጓዝ ተጎዝጉዞበት፣ የነፍስ አባታቸው መምሬ ታደሰ ከፊት፣ ማኅበርተኞቹ ግራና ቀኝ፣ እኛ ተከራዮች በር ሥር ተቀምጠናል። እትዬ አስካለ ትንሽ ቆይተው አየሩን ማግ፣ እኔን ገልመጥ ያደርጋሉ። ጸሎቱ አልቆ ዳቦው ሲቆረስ አንድ ነጭ ነገር በእግሮች መካከል ሾልኮ መሐል ሳሎን ገባ። በረዶ!

ቆሌዬ ተገፈፈ። እትዬ አስካለ ዐይናቸውን አፈጠጡብኝ። በዚያ ዐይን ውስጥ ፍራሻችን ጋሪ ላይ ተጭኖ ሲወጣ ታየኝ። በረዶ ግን ያንን ሁሉ ለምለም ሣር ለእሷ የተነጠፈ መስሏት ቁጭ ብላ ጉዝጓዙን መብላት ጀመረች።

መምሬ ጽዋቸውን አስቀምጠው አስተዋሏት። «ይህቺ ፍጥረት ምን ምን ትበላለች?»

«ሣር ብቻ፣ አባታችን» አልኩ።

«ወተትስ?»

«ጡት ከተወች ወዲህ አልነካችም።»

«ሥጋ፣ ቅቤ፣ እንቁላል?»

«ኧረ በሕልሟም!»

መምሬ ወደ ማኅበርተኞቹ ዞሩ። «እንግዲህ ስሙ! እኛ ሁዳዴ መቼ ባለቀ እያልን እንቆጥራለን። ይህቺ ግን ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ናት!»

ሁሉም «አቤት! አቤት!» አለ። በረዶ ጠግባ ተረጋጋች። ከዚያ... አንገቷን ወደ ሆዷ ደፋች። እኔና ማህደር ተያየን። ምን ልትበላ እንደሆነ እናውቃለን! መጥረጊያው የለም፤ ቢኖርም አልደርስም። ቀና አለች፤ እንደገና ደፋች።

«ትሰግዳለች!» ብለው ጮኹ እትዬ አስካለ። «በመድኃኔዓለም ቀን፣ በእኔ ቤት፣ ትሰግዳለች!» አንዲት አሮጊት እልልታውን አቀለጡት።

ማህደር «አይ፣ እሷ እኮ እየበላች ያለችው...» ብላ ስትጀምር ትልቅ የዳቦ ቁራሽ አጎረስኳት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ልቀቁ የሚል ነገር ተነስቶ አያውቅም። «በረዶዬ» ነው የሚሏት። ጉዝጓዝ በተረፈ ቁጥር ራሳቸው ታቅፈው ያመጡላታል። አፍንጫቸው ግን አሁንም ሥራ ላይ ነው፤ ዓርብ ጠዋት እንቁላል ስንጠብስ ከሸተታቸው በመስኮት ብቅ ብለው «ምነው ልጄ፣ ከጥንቸልህ እንኳ ብትማር?» ይሉኛል።

ኧረ ተምሬአለሁ፣ እትዬ! በዚህ አገር ንጹሕ ለመባል ሳሙናም ጄሪካንም አያስፈልግም። በትክክለኛው ሰዓት፣ በትክክለኛው ሰው ፊት ጎንበስ ማለት ይበቃል። ጎንበስ ያለ ሰው እዚያው ሆኖ ምን እንደሚበላ የሚጠይቀው የለም።