የሉአ ሦስት አማቶች

ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ኪቦርዱ ላይ ተደፍቼ ሕልም አየሁ። ኮምፒውተሮች ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰዎችን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። እኔንም አንዱ ከፈተኝና «ይሄ ደግሞ ሲያዘግም!» ብሎ አዛጋ።

በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎች ናቸው። የላከቻቸው ሙሽራዋ ራሷ ነበረች፤ ሉአ፣ በፓስካል የፕሮግራም ቋንቋ ከጻፍኩት የእህል መጋዘን ፕሮግራም ጋር ላጣምራት ሳምንት ሙሉ የታገልኳት የስክሪፕት ላይብረሪ፣ ሌላ ፕሮግራም እየጠራ የሚያሠራት ዝግጁ ኮድ። ዊንዶውስ ላይ ስጠራት አቤት ትላለች። ሊኑክስ በሚባለው ሌላ የኮምፒውተር ሲስተም ላይ ግን «እንዲህ የምትባል የለችም» እባላለሁ። የባለ መጋዘኑ የጋሽ አስራደ ማሽኖች ደግሞ ሁሉም ሊኑክስ ናቸው። የመንግሥት ሥራዬን ለቅቄ ያገኘሁት የመጀመሪያ ደንበኛ እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ካልሠራ ውላችን ይፈርሳል።

ሽማግሌዎቹ ተመቻችተው ተቀመጡ፣ እኔ በገዛ ቤቴ ቆምኩ።

«ልጅህን፣ ፕሮግራሙን፣ ለልጃችን ለሉአ ብለን መጣን።»

«እሷማ ስጠራት መቼ ትሰማለች?»

«ማን ብለህ ጠራሃት?»

«ዊንዶውስ ቤት ባወጡላት ስም ነዋ!»

ሳቁብኝ። «አንተ ሰው! ለምራት ስም የምታወጣላት አማቷ አይደለችም እንዴ? ይቺ ልጅ ሦስት ቤት ነው ያገባችው። ሂድና አማቶቿን ጠይቅ!»

ሽቅብ የሚፈስ ወንዝ ይዘን ወጣን። ታክሲውን የተሸከምነው እኛ ተሳፋሪዎቹ ነበርን። ረዳቱ ከላይ ሆኖ «ወራጅ አለ!» እያለ ይለምነናል፤ ማንም አልሰማውም።

የሊኑክስ አማት ደጃፏ ላይ ጠበቀችኝ።

«እሜቴ፣ ምን ብለው ሰየሟት?»

«ሊብሉአ። እኛ ቤት ምራት ሁሉ ከፊቷ ‹ሊብ› ይባልላታል። ደሞ ደጅ ከፕሮግራምህ ጎን አትፈልጋት፤ የእኛ ምራት የሲስተሙ ጓዳ ውስጥ ነው የምትውለው!»

ደስታ ዓይኔን አስነባኝ። ለካ ልጅቱ ሳትጠፋ ነው የጠፋችብኝ! ከኮረብታው ጫፍ የማክ አማት የተገመጠ ፖም በእጇ ይዛ ብቅ አለች። «የእኔንስ አትጠይቀኝም?» አለችና አፏን ልትከፍት ስትል ስልኬ ጮኸ።

ነቃሁ። ጋሽ አስራደ ናቸው።

«ጋሼ፣ ስሟን አገኘሁት!» አልኩ ሰላምታም ሳላስቀድም።

«የማንን ስም? ስማ ልጄ፣ የምሥራች! እነዚያን ኮተት ማሽኖች ትናንት አስወገድናቸው። ልጄ ከዱባይ አዳዲስ ላከችልኝ፤ ጀርባቸው ላይ የተገመጠ ፖም አለ። በእነሱ ላይ ነው የምታሳየን፣ እሺ?»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

ስልኩን ዘግቼ ኪቦርዱ ላይ መልሼ ተደፋሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። የማክ አማት ግን አልመጣችም።